ሰነዱ ፊደል እንጂ ፎቶግራፍ አይሁን

በሀገራችን የመንግሥትና የግል ተቋማት አገልግሎታቸውን ወደ ኢንተርኔት ማሸጋገር ከጀመሩ ወዲህ አንድ ሥራ በየመተግበሪያው ውስጥ ይገኛል። ተገልጋዩ በድረ ገጽ ላይ ቅጽ ይሞላል፤ ሰርቨሩ መረጃውን ይቀበላል፤ በመጨረሻም ደረሰኝ፣ የምስክር ወረቀት፣ የድጋፍ ደብዳቤ ወይም የውጤት መግለጫ በፒዲኤፍ መልክ ያወጣል። ይህ የመጨረሻ እርምጃ ለብዙ ጀማሪ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ቀላል መስሎ ይታያቸዋል። ገጹ በኤችቲኤምኤል ተዘጋጅቷል፤ በስክሪን ላይም በትክክል ይታያል፤ የቀረው ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሰነዱ በአማርኛ የተጻፈ ሲሆን ችግሩ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ከድረ ገጽ የሚወጣው የአማርኛ ሰነድ ለዓይን ከመታየት አልፎ በኮምፒዩተር ሊፈለግ፣ ሊገለበጥና በድምፅ ሊነበብ ይችላልን? በእኔ እምነት ይህን የማያሟላ ሰነድ፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ተሠርቶ አልተጠናቀቀም። ይህን የምለው ጉዳዩ የውበት ሳይሆን የመብትና የታሪክ መዝገብ ጉዳይ በመሆኑ ነው።

ሁለቱ የሰነድ ዓይነቶች

ለመሆኑ በኤችቲኤምኤልና በፒዲኤፍ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ቲም በርነርስ-ሊ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መባቻ የፈጠረው ኤችቲኤምኤል እንደ ውኃ ነው፤ የመያዣውን ቅርጽ ይይዛል። ያው ገጽ በሰፊ ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት፣ በእጅ ስልክ ላይ ሌላ ዓይነት አደራደር ይኖረዋል። ገጹ ራሱ የሚናገረው ‹‹ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ሠንጠረዥ ነው›› ብቻ ነው፤ መስመሩ የት እንደሚሰበር የሚወስነው አንባቢው የያዘው ብራውዘር ነው።

አዶቤ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት መስፈርት የሆነው ፒዲኤፍ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በፒዲኤፍ ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የተወሰነ ቦታ አለው። ቦታው የሚለካው ነጥብ በሚባል መለኪያ ነው፤ 72 ነጥብ አንድ ኢንች ይሆናል። በየቢሮው የምናውቀው ኤ-4 ወረቀት 595 በ842 ነጥብ ገደማ ነው። ስለዚህ የመለወጫው ፕሮግራም ሥራ ፈሳሹን ማርጋት ነው ማለት ይቻላል። ገጹን ያነብባል፣ መስመሮቹን ይሰብራል፣ በገጽ በገጽ ይከፋፍላል፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ተገቢውን ቅርጽ ከፎንት መርጦ በቦታው ያስቀምጣል። የእኛ ፊደል ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ከመጨረሻው ተግባር ነው።

ጣርማ በር የሚለው ስም እንዴት ይጓዛል?

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን ካለፈ በኋላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ጣርማ በርን ያገኛል። በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራው ዋሻ የሚገኘው እዚህ ነው። ከዋሻው ወዲያ መንገዱ ወደ ደብረ ሲና ይወርድና በይፋት ቆላ አድርጎ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ወረዳውም ጣርማ በር ተብሎ የሚጠራ በመሆኑ ስሙ በነዋሪዎቹ መታወቂያ፣ በትምህርት ማስረጃዎቻቸውና በደብዳቤዎቻቸው ላይ ይጻፋል።

አሁን ይህ ስም በኮምፒዩተር ውስጥ ምን እንደሚመስል እንይ። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ሰጥቷል። በዚህ መሠረት ‹‹ጣ›› 4899፣ ‹‹ር›› 4653፣ ‹‹ማ›› 4635፣ ክፍት ቦታው 32፣ ‹‹በ›› 4704፣ የመጨረሻው ‹‹ር›› እንደገና 4653 ነው። በድረ ገጾች ዘንድ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት፣ ክፍት ቦታው 1 ባይት ስለሚይዝ ስሙ በጠቅላላው 16 ባይት ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ‹‹ጣርማ በር›› የሚለውን ስም የሚፈልገው፣ የሚያወዳድረውና በፊደል ተራ የሚያስቀምጠው በእነዚህ ቁጥሮች አማካይነት ነው።

ስሙ ወደ ፒዲኤፍ ሲገባ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የዩኒኮዱ ቁጥር ሳይሆን ፊደሉ በፎንቱ ውስጥ ያለው ተራ ቁጥር ነው። ለምሳሌ ያህል ‹‹ከዚህ ፎንት 212ኛውን ቅርጽ እዚህ ቦታ ሣል›› እንደማለት ነው። ቅርጹ የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚናገር ሌላ ሠንጠረዥ በሰነዱ ውስጥ አብሮ መቀመጥ አለበት። እንግዲህ ሦስት ነገሮች ሊበላሹ ይችላሉ። አንደኛ፣ የግእዝ ፊደል ያለበት ፎንት ካልተገኘ በስሙ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ወይም የጥያቄ ምልክቶች ይታተማሉ። ሁለተኛ፣ ፎንቱ ኖሮ ሠንጠረዡ ከጎደለ ስሙ በትክክል ይታያል፤ ነገር ግን ሲገለበጥ ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ይወጣል፤ ሲፈለግም አይገኝም። ሦስተኛ፣ ገጹ በሙሉ ወደ ምስል ከተለወጠ ፊደል የሚባል ነገር በውስጡ ጨርሶ አይኖርም።

የመጀመሪያው ብልሽት ለምን ይበዛል? ፒዲኤፍ ከመነሻው የሚያውቃቸው 14 መደበኛ ፎንቶች የሄልቬቲካ፣ የታይምስና የኩሪየር ቤተሰቦች እንዲሁም ሁለት የምልክት ፎንቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱም የግእዝ ፊደል የለውም። ተማሪዎች በብዛት የሚጠቀሙባቸው ነፃ ፕሮግራሞችም የተለያዩ ናቸው። ኤፍ-ፒዲኤፍ በመሠረታዊ ይዞታው ዩኒኮድን አያስተናግድም። ዶም-ፒዲኤፍ ይዞት የሚመጣው ደጃቩ የተባለ ፎንት ነው፤ ይህም ፎንት ብዙ የዓለም ፊደላትን ቢይዝም የእኛን አልያዘም። ኤም-ፒዲኤፍ ደግሞ አቢሲኒካ የተባለውን የግእዝ ፎንት ከጥቅሉ ጋር አካቶ ቀርቧል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የተስፋፋው፣ የክሮም ብራውዘርን ያለ ስክሪን በሰርቨር ላይ የማሠራት ዘዴ፣ በአደራደር ረገድ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ይሁን እንጂ በሰርቨሩ ላይ የተጫኑትን ፎንቶች ስለሚጠቀም፣ ሰርቨሩ የግእዝ ፎንት ከሌለው ውጤቱ ያው ባዶ ሳጥን ነው። ባለሙያው በራሱ ኮምፒዩተር ላይ በትክክል ያየው ገጽ ሰርቨር ላይ ሲወጣ የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው።

አቋራጩ መንገድና ዋጋው

ባዶ ሳጥኖቹ ሲያስቸግሩት ባለሙያው ወደ አቋራጭ መንገድ ይሄዳል። ገጹን በብራውዘሩ ውስጥ እንዳለ እንደ ፎቶግራፍ አንሥቶ ምስሉን በፒዲኤፍ ውስጥ የሚለጥፉ ፕሮግራሞች አሉ። ፊደሎቹ እንደተፈለገው ይታያሉ፤ አለቃው ይደሰታል፤ ሥራው ተጠናቀቀ ተብሎ ርክክብ ይፈጸማል። የምቃወመው ይህን ልማድ ነው።

አቋራጩ በመጀመሪያ በመጠን ያስከፍላል። አንድ ኤ-4 ገጽ ለኅትመት በሚበቃ ጥራት፣ ማለትም በኢንች 300 ነጠብጣብ ሲነሣ 2480 በ3508፣ በድምሩ 8.7 ሚሊዮን ያህል ነጠብጣቦች ይኖሩታል። ሳይታመቅ ወደ 26 ሚሊዮን ባይት የሚጠጋ ሲሆን፣ ታምቆም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከመቶ ሺህ ባይቶች በታች አይወርድም። በአንጻሩ 2000 ፊደል የያዘ ገጽ በጽሑፍነቱ 6000 ባይት ገደማ ነው። ፎንቱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ መግባት አያስፈልገውም፤ ጥሩ መለወጫ በሰነዱ ውስጥ ያሉትን ፊደላት ቅርጾች ብቻ መርጦ ያስገባል። በአዲስ አበባ ፈጣን መሥመር ላይ ይህ ልዩነት ላይሰማ ይችላል። በቆላው ቀበሌ በእጅ ስልኩ፣ በከፈለው የዳታ ጥቅል ሰነዱን ለሚያወርድ ተማሪ ግን ልዩነቱ የገንዘብ ነው።

ሁለተኛው ዋጋ የፍለጋ ነው። በአማራ ክልል ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ የገጠር መሬት ይዞታ ሲመዘገብና ለአርሶ አደሩ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ ቆይቷል። በዚህ ዓይነቱ ሰነድ ላይ የባለይዞታው ስም፣ የቀበሌው ስም፣ የአዋሳኞቹ ስም ይጻፋል። ነገ ወራሾች ወይም ፍርድ ቤት ከሺህ ሰነዶች መካከል አንዱን ሲፈልጉ ሰነዶቹ ምስል ከሆኑ አንድ በአንድ በዓይን ከማየት በቀር አማራጭ አይኖርም። ሰነዶቹ ፊደል ከሆኑ ግን ፍለጋው የሰከንዶች ሥራ ነው። በፊደል የተጻፈ ስም ሌላም ጥቅም አለው። አንዱ ጸሐፊ ‹‹ኃይሉ››፣ ሌላው ‹‹ሐይሉ››፣ ሦስተኛው ‹‹ሀይሉ›› ብሎ ቢጽፍ፣ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ አድርጎ የሚፈልግ ፕሮግራም መጻፍ ለሁለተኛ ዓመት የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ከባድ አይደለም። ምስል ላይ ግን ይህን ማድረግ አይቻልም። የአስተዳደር ስሞች የሚለዋወጡ መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም። ዛሬ በቀወትና በጣርማ በር ወረዳዎች ሥር የምናውቃቸው ቦታዎች በቀድሞ ሰነዶች ላይ በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ሥር ተጽፈው ይገኛሉ። አሮጌውንና አዲሱን ስም አገናኝቶ መፈለግ የሚቻለው ሁለቱም በፊደል ሲቀመጡ ብቻ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ዋጋ በማየት የተሳናቸው ወገኖቻችን ላይ የሚወድቀው ነው። ኤን.ቪ.ዲ.ኤ የተባለውን ነፃ የስክሪን አንባቢ የመሰሉ ፕሮግራሞች በሰነድ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ወደ ድምፅ ይለውጣሉ፤ ኢስፒክ-ኤንጂ የተባለው ነፃ የንግግር ፕሮግራምም አማርኛን ከሚያነብባቸው ቋንቋዎች መካከል አካቷል። ድምፁ ገና የሚሻሻል ቢሆንም አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ የተላከለትን ደብዳቤ ሌላ ሰው ሳይለምን እንዲሰማ ያስችለዋል። ደብዳቤው ምስል ከሆነ ግን ፕሮግራሙ የሚያነብበው ነገር የለም። ስለ ራሱ ውጤት የተጻፈውን ወረቀት ለማወቅ ጎረቤቱን ይጠይቃል ማለት ነው።

‹‹ምስሉን መልሶ ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ፕሮግራም አለ›› የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ቴሰራክት የተባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛንም ያውቃል። ነገር ግን በፊደላችን ውስጥ ‹‹ለ››ን ከ‹‹ሉ››፣ ‹‹ከ››ን ከ‹‹ኩ›› የሚለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት። ቅጥያዋ በደበዘዘች ቁጥር የሰው ስም ይለወጣል። ይህ መሣሪያ ከድሮ ወረቀት ላይ ጽሑፍ ለማዳን ይጠቅማል። በሰርቨሩ ውስጥ ፊደል ሆኖ የነበረን ስም ሆን ብሎ ምስል አድርጎ፣ ቆይቶ እንደገና በግምት ፊደል ለማድረግ መሞከር ግን ‹‹አፍስሶ መልቀም›› ነው።

ታሪኩ ራሱን እንዳይደግም

ይህ ችግር ለእኛ አዲስ አይደለም። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት ፎንቶች አብዛኛዎቹ በአንድ ጊዜ ሊይዙ የሚችሉት 256 ቦታ ብቻ ነበር። የግእዝ ፊደላት ከዚህ ስለሚበልጡ፣ የፎንት ሠሪዎች ፊደላቱን በተለያዩ ፎንቶች ላይ ያከፋፍሉ፣ ወይም ቅጥያዎችን ለብቻ አስቀምጠው ያጣምሩ ነበር። የእኛ ፊደላት የተቀመጡትም የላቲን ፊደላት በሚቀመጡበት ቦታ ላይ ነበር። ፓወር ግእዝንና ቪዥዋል ግእዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች በዚያ ዘመን ለሀገሪቱ የኅትመት ሥራ ታላቅ ውለታ ውለዋል፤ የቢሮ ደብዳቤ፣ ጋዜጣና መጽሐፍ በእነርሱ ተጽፏል። ይሁን እንጂ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ አይችልም ነበር። በዚያ ዘመን የተጻፈ ፋይል ዛሬ ያለ ፎንቱ ሲከፈት የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ይታያል።

ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ዕትሙ 345 የግእዝ ፊደላትንና ምልክቶችን ሲመዘግብ ይህ መለያየት መፍትሔ አገኘ። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ገበያ ላይ ሲውልም የአማርኛ ጽሑፍ ተጨማሪ ፎንት ሳይጫን በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ መነበብ ቻለ። ለዚህ ውጤት የሀገራችን ልጆች በሀገር ውስጥም በውጭም ዓመታት ደክመዋል። ይህ ሁሉ ተደክሞ ሲያበቃ ሰነዶቻችንን መልሰን ፎቶግራፍ ማድረግ ከነበርንበትም ወደ ኋላ መመለስ ነው። የድሮው ፋይል ቢያንስ ፎንቱ ከታወቀ በሠንጠረዥ ሊለወጥ ይችላል፤ ምስሉ ግን ይህም ዕድል የለውም።

ለሚነሡ መከራከሪያዎች

የምስል ሰነድን የሚደግፉ ሰዎች ዋና መከራከሪያ ‹‹ምስል አይጭበረበርም›› የሚል ነው። ይህ የተሳሳተ እምነት ነው። ምስልን መለወጥ የሚችል ፕሮግራም በየፎቶ ቤቱ አለ። የሰነድን እውነተኛነት የሚያረጋግጠው ሰነዱ የማይነበብ መሆኑ ሳይሆን ዲጂታል ፊርማ ነው። ይህ ፊርማ በሰነዱ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ያጋልጣል። ሀገራችንም ስለ ኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010ን፣ ስለ ኤሌክትሮኒክ ግብይት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1205/2012ን አውጥታለች። ሕጉ መንገዱን ከፍቷል፤ የቀረው የባለሙያው ሥራ ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ‹‹የእኛ ፊደል ለኮምፒዩተር አስቸጋሪ ነው›› የሚለው ነው። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የዐረብኛ ፊደል በቃሉ መነሻ፣ መሐልና መድረሻ ላይ ቅርጹን ይለውጣል፤ የሂንዲ ፊደል አናባቢው ከተነባቢው በፊት እየዘለለ ይጻፋል፤ እነዚህን ለማደራደር ልዩ ፕሮግራም ያስፈልጋል። የግእዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሆሄ ራሱን የቻለ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል፤ በጎረቤቱ ምክንያት ቅርጹን አይለውጥም። ትክክለኛ ፎንትና ትክክለኛ ሠንጠረዥ ከተሰጠው ሌላ የሚጠይቀው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰነዶቻችን ሲበላሹ ጥፋቱ የፊደሉ ሳይሆን የእኛ ቸልተኝነት ነው።

ሦስተኛው መከራከሪያ ‹‹ከነጭራሹ ፒዲኤፍ ለምን ያስፈልጋል?›› የሚል ነው፤ ይህ በከፊል ትክክል ነው። ማስታወቂያ፣ የትምህርት ማስታወሻ ወይም መመሪያ በስልክ ለማንበብ ከፒዲኤፍ ይልቅ ተራ ድረ ገጽ ይሻላል። ፒዲኤፍ የሚያስፈልገው ማኅተም ለሚያርፍበት፣ በመዝገብ ለሚቀመጥ፣ ይዘቱም አደራደሩም መለወጥ ለሌለበት ሰነድ ነው። ሁሉንም ነገር ፒዲኤፍ ማድረግ በራሱ ልማድ እንጂ ግዴታ አይደለም።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው ውድ አይደለም። አቢሲኒካም ሆነ ኖቶ የተባሉት የግእዝ ፎንቶች ያለ ክፍያ የሚገኙ፣ ፈቃዳቸውም በሰርቨር ላይ ለመጫንና በሰነድ ውስጥ ለማካተት የሚያስችል ነው። ኖቶ የሚለው ስም ራሱ የወጣው እነዚያን ባዶ ሳጥኖች ከዓለም ፊደላት ሁሉ ላይ ለማጥፋት ከተነሣው ዓላማ ነው። ባለሙያው ፎንቱን ከመተግበሪያው ጋር ይጫን፤ በገጹ ላይ በስም ይጥራው፤ ገጹ ዩቲኤፍ-8 መሆኑንና ቋንቋው አማርኛ መሆኑን ይግለጽ። ለዘለቄታ ለሚቀመጡ ሰነዶች ፒዲኤፍ-ኤ የተባለው የመዝገብ መስፈርት አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የመጀመሪያ ክፍሉ ፎንቶች ሁሉ በሰነዱ ውስጥ እንዲካተቱ ያስገድዳል፤ በ2011 የወጣው ሁለተኛ ክፍሉ ደግሞ እያንዳንዱ ቅርጽ የዩኒኮድ ቁጥሩ እንዲታወቅ የሚጠይቅ ደረጃ አለው። ሶፍትዌር በጨረታ የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች ይህን በአንድ መስመር በውላቸው ውስጥ ቢያስገቡ ብዙ ችግር ይቀር ነበር።

ለተማሪዎች ደግሞ ሦስት ቀላል ፈተናዎችን እመክራለሁ። ፕሮግራማችሁ ያወጣውን ፒዲኤፍ ክፈቱና ‹‹ጣርማ በር›› ብላችሁ ፈልጉ፤ ይገኛልን? ስሙን ገልብጣችሁ በባዶ የጽሑፍ ፋይል ላይ ለጥፉት፤ ያው ስም ሆኖ ይወጣልን? ሰነዱን የግእዝ ፎንት በሌለው ኮምፒዩተር ላይ ክፈቱት፤ አሁንም ይታያልን? ሦስቱም አምስት ደቂቃ አይፈጁም። የከባድ መኪና ሹፌር ፍሬኑን የሚፈትሸው ጣርማ በር ላይ ሆኖ ቁልቁለቱን ሳይጀምር ነው፤ መሐል ላይ የሚደረግ ፍተሻ አያድንም። ሰነድም እንዲሁ ነው። ለተገልጋዩ ከተሰጠና በሺህ የሚቆጠር ቅጂ ከወጣ በኋላ ስሕተቱን መመለስ አይቻልም።

የዩኒቨርሲቲ መምህራንም በበኩላችን የተማሪን የመመረቂያ ፕሮጀክት ስንመዝን ‹‹ይታያል ወይ?›› ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ‹‹ይፈለጋል ወይ? ይነበባል ወይ?›› የሚለውን ብንጨምር መልካም ነው። ዛሬ በክፍል ውስጥ በምስል የተሸፈነው ሥራ ነገ በመሥሪያ ቤት የሚሊዮኖች መዝገብ ይሆናልና።

የይፋት አርሶ አደር የመሬቱን ማረጋገጫ በሣጥኑ ውስጥ በጥንቃቄ የሚያስቀምጠው ስሙ በላዩ ላይ ስለተጻፈ ነው። ወረቀቱን ወደ ኮምፒዩተር ስናዛውረው ስሙን እንደ ስም ማዛወር ግዴታችን ነው። ፊደሉ የራሳችን ነው፤ ቁጥሩም ፎንቱም ተዘጋጅቶልናል፤ አምስቱን ደቂቃ አንንፈገው።